በካሜራ ላይ የሚሰካው ስቴሪዮ ማይክሮፎን በጋምቤላ ለሚደረግ የባህል ጥናት ያለው ጥቅምና ጉድለት

የአንድን ሕዝብ ዘፈን፣ ተረትና ጭፈራ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ዓይኑ ያየውን ያህል ጆሮው የሰማውንም ይዞ መመለስ ይገባዋል። ይልቁንም አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በሚኖሩበት በጋምቤላ አብዛኛው ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ በደንብ ያልተቀረጸ የሽማግሌ ቃል ተቀዶ እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጠራል።

ቀድሞ ሥዕልና ድምፅ በየራሳቸው መሣሪያ ይያዙ ነበር። ሂላሪ ሃሪስና ጆርጅ ብራይደንባክ በኢትዮጵያ ምድር ያነሡት «ኑዌር» የተባለው ፊልም በ1971 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣበት ዘመን፣ አንዱ ካሜራ ሲይዝ ሌላው መቅረጸ ድምፅ በትከሻው አንግቶ አጠገቡ መቆሙ የተለመደ ነበር። ዛሬ በካሜራው አናት ላይ የሚሰካው ትንሽ ስቴሪዮ ማይክሮፎን አንድ ሰው ሁለቱንም ሥራ ብቻውን እንዲያከናውን አስችሎታል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ምቾት ነው፤ ጆሮን ከዓይን ጋር አስሮ፣ ካሜራው ከቆመበት ርቀት ብቻ እንዲሰማ ያስገድደዋል።

የስቴሪዮ ዘዴ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ከጠየቀባቸው አሳቦች የመጣ ነው። በካሜራ ላይ በሚሰካው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሁለት ድምፅ ተቀባዮች እጅግ ተጠጋግተው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ በ90 ዲግሪ ገደማ ተለያይተው ይተከላሉ። ከግራ የመጣ ድምፅ በግራው ይበረታል፣ በቀኙ ይደክማል፤ አድማጩም ከዚህ ልዩነት የድምፁን ቦታ ይገምታል። ሁለቱ ስለ ተጠጋጉ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ በአንድ ድምፅ ማጉያ ቢደመሩም አይበላሹም። ቅጂው ወደ መንደሩ ተመልሶ በስልክ የሚደመጥ ከሆነ ይህ ጥቂት ጥቅም አይደለም።

ለጭፈራ መሣሪያው በእርግጥ ይስማማል። ቡል የሚባለው ከበሮ በአንድ ወገን፣ ተቀባዮቹ በሌላ ወገን ሲቆሙ፣ ማን ለማን እንደሚመልስ በጆሮ ይለያል። ነገር ግን ካሜራው ጨፋሪዎቹን ተከትሎ ሲዞር፣ ከቦታው ያልተነቃነቀው ከበሮ ከቀኝ ወደ ግራ የሄደ ይመስላል። ስለዚህ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አጽንቶ መተው ይሻላል። ኋላ ቅጂውን የሚመረምር ሰው ይህን ሳያውቅ ከበሮ መቺው ቦታ ቀየረ ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም።

ለንግግር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኑዌር ቋንቋ አንዳንድ አናባቢዎች የሚለዩት አንዱ ጥርት ብሎ፣ ሌላው ትንፋሽ ተቀላቅሎበት በመነገሩ ነው። ይህ ትንፋሽ ደካማ ስለሆነ ከሩቅ በተቀረጸ ድምፅ ውስጥ ይሰወራል፤ ከእርሱም ጋር የቃሉ ትርጉም። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው የጄኔሬተርና የባጃጅ ጩኸት ግን እንዳለ ይቀራል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ ሌንሱ የተናጋሪውን ፊት ቢያቀርብም ድምፁን አያቀርብም። አኝዋዎች በአውራ ጣት የሚጫወቱት ቶምም ድምፁ ለስላሳ በመሆኑ እንዲሁ መቅረብን ይፈልጋል።

ካሜራው ድምፅን በራሱ የሚያስተካክልበት ሥርዓትም መዘጋት አለበት። ዘፋኙ ዝም ሲል የነፍሳትን ጩኸት ከፍ ያደርጋል፤ ከበሮ ሲመታ ደግሞ ዘፈኑን ይጫነዋል። መጠኑ ጭፈራው እጅግ በጋለበት ሰዓት ተለክቶ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከወሰኑ 12 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ እንዲል ቢደረግ ይበቃል። በባሮ ዳር ለሚነፍሰው ነፋስ ስፖንጁ ብቻውን አይበቃም፤ ጠጉራም ሽፋን ያስፈልጋል። ነፋስን ለመቀነስ ወፍራም ድምፅን የሚቆርጠውን ማብሪያ መክፈት ግን የከበሮውን ጥልቀት አብሮ ይወስዳል። ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከመቅረጽ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል።

የሽማግሌ ቃል በሚቀረጽበት ጊዜ እንግዲህ የካሜራውን ማይክሮፎን ለአካባቢው ድምፅ ትቶ፣ ትንሽ መቅረጸ ድምፅ በፈቃዳቸው ከተናጋሪው ደረት አጠገብ ማኖር ይገባል። ቋንቋው፣ ቦታውና ቀኑ በሁለቱም ላይ በቃል ከተነገረ በኋላ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ይጨበጨባል፤ ኋላ ሥዕሉና ድምፁ የሚገጣጠሙት በዚያ ጭብጨባ ነው።