መጀመሪያ እጆቹን እዩ

ወዳጆቼ፣ ባለፈው አረፋ አዋሽ ሰባት ሆኜ በግ ሲታረድ ካየሁ ወዲህ አንድ ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋም። ጣሊያናዊው ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1603 ገደማ የሣለው «የይስሐቅ መሥዋዕት» ነው፤ ዛሬ ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ቁመቱ 104፣ ወርዱ 135 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ሥዕሉን በስልካችሁ ክፈቱና መጀመሪያ እጆቹን እዩ። የአብርሃም ግራ እጅ የልጁን አንገት ተጭኗል፤ አውራ ጣቱ የልጁን ጉንጭ አሰርጉዷል። ቀኝ እጁ ቢላ ይዟል። ያንን እጅ መልአኩ አንጓው ላይ ጨምድዶ ይዞታል፤ በሌላ እጁ ደግሞ በልጁ ምትክ የሚሠዋውን በግ ያመለክታል። ይዞ፣ ቃጥቶ፣ ተይዞ፣ ተጠቁሞ፤ ታሪኩ በአራት እጅ አለቀ! በግ አጋድሞ የሚያውቅ የአፋር አርብቶ አደር ይህን አያያዝ ከማናችንም ቀድሞ ያነበዋል።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በጉ ዕፀ ሳቤቅ በሚባለው ዛፍ ላይ በቀንዱ ተይዞ ይታያል። ካራቫጆ ግን በጉን ከልጁ ራስ አጠገብ አቁሞታል፤ መልአኩም ከሰማይ አልወረደም፣ እንደ ጎረቤት ልጅ ከጎን መጥቶ ነው የደረሰው። በጥንቱ የሥዕል ልማዳችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲያይ፣ ክፉ በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል። እዚህ መልአኩ በጎን ነው ያለው። ፊት ለፊት የሚያየን ልጁ ነው፤ አፉን ከፍቶ እየጮኸ።

ያ ጩኸት ነው እኔን የያዘኝ። ኦሪት ዘፍጥረት ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ ሲጋደም ምን እንዳለ አይነግረንም። በቁርኣን የልጁ ስም አልተጠቀሰም፤ አብዛኛው ሙስሊም ኢስማኢል ነው ይላል። እዚያ ልጁ የአባቱን ሕልም ሰምቶ ለአምላኩ ትእዛዝ እሺ ይላል። ካራቫጆ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ያ ሥጋ በዚያች ቅጽበት ምን ተሰማው? በእስልምና የእርድ ሥርዓት ቢላ በሚታረደው እንስሳ ዓይን ፊት አይሳልም። በዚህ ሥዕል ግን ቢላው ከልጁም ከእኛም አልተሰወረም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ደፋር የይስሐቅ ሥዕል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስላስገረመኝ ነው። ሥዕሉን አዝዞ ያሣለው ማፌዮ ባርበሪኒ እ.ኤ.አ. በ1623 ኡርባን 8ኛ ተብሎ የሮማ ጳጳስ ሆነ። በእርሱ ዘመን፣ በ1625፣ የካቶሊክ ፓትርያርክ የነበረው አፎንሶ ሜንዴዝ ቀይ ባሕር ዳርቻ ቤይሉል ላይ ወርዶ በአፋር ምድር አቋርጦ ወደ አፄ ሱስንዮስ አገር ወጣ። ሊያጸናው የመጣው የካቶሊክ እምነት ብዙ ደም አፋሰሰና በ1632 ንጉሡ ራሱ ሕዝቡን ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ መለሰ።

ሰመራ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩልኝ። ቀትር ላይ ሳይሆን፣ ጸሐይ ጋደል ስትልና ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ከበር አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ተመልከቱ፤ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠፋል። የካራቫጆ ብርሃን እንዲያ ነው። ከዚያ ሥዕሉን ከፍታችሁ የልጁን ፊት በጣታችሁ ሸፍኑት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ግለጡት፤ የተሰማችሁንም ጻፉልኝ።