የብርቅ ወንድ ስሞች ፍቺ፦ ተረትና እውነታ

ለወንድ ልጅ ብርቅ ስም የሚሹ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚያማትሩት ወደ ነገሥታት ዜና መዋዕልና ወደ ስንክሳር፣ ማለትም የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ ተከፋፍሎ ወደሚነበብበት መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ የሚወጡት ስሞች ግን ፍቺያቸው የሚሰጠው በአማርኛ ጆሮ እየተመዘነ በመሆኑ፣ ግእዙ እንደ አማርኛ፣ የግሪኩና የላቲኑ ደግሞ እንደ ግእዝ እየተተረጎመ ከአንዱ የስም ዝርዝር ወደ ሌላው ይተላለፋል።

እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት የዐፄ ልብነ ድንግል ስም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሙ «የድንግል ልብ» ማለት እንደሆነ በሰፊው ቢነገርም የግእዝ ሰዋስው ይህን ፍቺ አይቀበልም። በግእዝ አንድ ስም በዘርፍ ከሌላ ስም ጋር ሲያያዝ፣ «ቤት» ከንጉሥ ጋር ተያይዞ «ቤተ ንጉሥ» እንደሚሆን ሁሉ፣ የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ፊደል ወደ አንደኛው ድምፅ ይለወጣል፤ ስለዚህ የተፈለገው ልብ ቢሆን ኖሮ ለንጉሥ ዳዊት በተሰጠው «ልበ አምላክ» በሚለው ቅጽል አምሳያ «ልበ ድንግል» ይባል ነበር። «ነ» በዘፈቀደ የገባች ትርፍ ፊደል ሳትሆን ከቃሉ ሥር የወጣች ናት፤ ቃሉም «ልብን» ሲሆን፣ ዕጣንን ከሚያመለክቱት ከዐረብኛው ሉባንና ከዕብራይስጡ ሌቦና ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ ስሙ «የድንግል ዕጣን» ማለት ነው፤ ጆሮ ከለመደው ፍቺም ይልቅ ውበት ያለው ይኸኛው ነው።

በ«ሀብተ» የሚጀምሩ ስሞችም በተመሳሳይ መንገድ ይዛባሉ። በዛሬው አማርኛ ሀብት ጥሪትና ንብረት ስለሆነ ሀብተ ወልድ ወይም ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባል ልጅ ብልጽግና የተመኙለት ይመስላል፤ በግእዝ ግን ሀብት «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ»፣ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ስጦታ ነው። በዚህ ፍቺ ሲታይ ሀብተ አምላክ፣ የዕብራይስጡ ናትናኤልና የግሪኩ ቴዎድሮስ በሦስት ቋንቋ የተነገረ አንድ ስም ይሆናሉ፤ ሁሉም የአምላክ ስጦታ ማለት ናቸውና።

ካሌብ የሚለው ስም ላይ የሚደርሰው ስሕተት ደግሞ ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። በአማርኛ «ከልብ» ማለት በቅንነት፣ በሙሉ ፈቃድ ማለት ስለሆነ ስሙን ከዚህ ጋር የሚያገናኙ አሉ፤ በግእዝ ግን «ከልብ» ውሻ ነው፤ ብዙ የዕብራይስጥ ሊቃውንትም የመጽሐፍ ቅዱሱን የካሌብን ስም ከዚሁ ሥር ያወጡታል። ይህ እንደ ስድብ የሚታየው በዛሬ ዐይን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተጻፉት የላኪሽ ደብዳቤዎች አንድ የበታች ሹም ለጌታው ሲጽፍ ራሱን ውሻ እያለ የሚጠራው ትሕትናውንና ታማኝነቱን ለመግለጽ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ሂምያርን፣ ማለትም የዛሬዋን የመን፣ የወጋው የአክሱም ንጉሥም ይህን ስም ተሸክሞ ነበር።

ስንክሳር ውስጥ የሚገኝ ስም ሁሉ የግእዝ ወይም የዕብራይስጥ ነው የሚለው እምነትም ከእውነት የራቀ ነው። ገላውዴዎስ ቀላውዴዎስ ከተባለው የሮማውያን የቤተ ሰብ ስም የመጣ ሲሆን፣ ይህም በላቲን አንካሳ ከሚል ቃል ጋር ይያያዛል፤ ፋሲለደስ በግሪክ ንጉሥ ከሚለው ቃል፣ ዮስጦስ በላቲን ጻድቅ ከሚለው ወጥተዋል። ከሁሉም የሚያስገርመው መርቆሬዎስ ነው፤ በትውፊት ለሮማ አማልክት አልሠዋም ብሎ በንጉሥ ዳኬዎስ ዘመን አንገቱን የተቀላው ሰማዕት፣ የሚጠራበት ስም የተገኘው ራሱ ሜርኩሪ ከተባለው የሮማ ጣዖት ስም ነው። እስክንድር ደግሞ የግሪኩ አሌክሳንድሮስ ነው፤ ዐረብኛ ተናጋሪዎች የመጀመሪያውን «አል» እንደ ራሳቸው ቋንቋ መስተአምር፣ ማለትም ስምን እንደሚወስን ቅጥያ፣ ቆጥረው ስለገነጠሉት ወደ ግእዝ የገባው አጥሮ ነው።

ምኒልክ የሚለውን ስም ብዙዎች «ምን ይልህ» ከሚል የአማርኛ ጥያቄ ጋር ያያይዙታል። ይሁንና በክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባ ልጅ የሚጠራው በይነ ልሕኪም ተብሎ ሲሆን፣ ይህ «ኢብን አል-ሐኪም»፣ የጠቢቡ ልጅ፣ ከሚለው የዐረብኛ ሐረግ መምጣቱን፣ ምኒልክም የዚሁ ስም ሌላ መልክ መሆኑን አጥኚዎች ያስረዳሉ። የጠቢቡ ልጅ የተባለው የሰሎሞን ልጅ ስለሆነ ነው።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓላቸው ታስቦ የወጣ ነው የሚል ወሬም ተለምዷል። ስሙ ግን ንጉሡ በሕፃንነታቸው ሲጠመቁ የተሰጣቸው የክርስትና ስም ነው፤ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የሚሰጠው ይህ ስም በዕለት ኑሮ ከመጠሪያ ስም በስተጀርባ ተደብቆ ይኖራል። መጠሪያቸው የነበረው ተፈሪ «የሚፈራ» ማለት ሲሆን፣ ከዘውዱ በኋላ በአገር ውስጥ ቦታውን ለክርስትናው ስም ሲለቅ፣ በጃማይካ ግን ከራስነት ማዕረጉ ጋር ተጣብቆ የአንድ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ስም ሆኖ ቀርቷል።