ሳይንስ ቡና ላይ ሲቀርብ፦ ከሳይንስ ካፌ ጋር ትውውቅ

አንድ ተመራማሪ ሃያ ደቂቃ ያህል ይናገራል። ስላይድ አያሳይም፣ ከፍ ያለ መድረክ ላይም አይወጣም። ንግግሩ ሲያበቃ አጭር እረፍት ይሆንና ሰው ሁሉ የሚጠጣውን ይቀዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ የአድማጩ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይሞግታል፣ የራሱንም ይናገራል። ሳይንስ ካፌ የሚባለው የሕዝብ መድረክ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

መድረኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ነው። ጀማሪው ደንከን ዳላስ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ማርክ ሶቴ ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1992፣ ፓሪስ ባስቲል አደባባይ ባለ አንድ ካፌ ሕዝቡን ሰብስቦ የፍልስፍና ውይይት ማካሄድ ጀምሮ ነበር፤ ዳላስ ይህንኑ ለሳይንስ አዋለው። ዛሬ ሳይንስ ካፌ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ወደ ኬንያና ወደ ኡጋንዳም ዘልቆ የጤና ጉዳዮች ሰፊ ቦታ አግኝተውበታል።

ሳይንስን ለሕዝብ ማቅረብ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የለንደኑ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ለወጣቶች የሚያዘጋጃቸውን የገና ሰሞን ትምህርታዊ ንግግሮች የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። እንዲህ ባለው አዳራሽ ግን አድማጭ በዋናነት ተመልካች ነው፤ በካፌው ጠያቂ ይሆናል። ይህ ልዩነት የትኛውንም ሳይንስ ይጠቅማል፤ ለሕክምና ሳይንስ ግን የግድ ነው። ስለ ከዋክብት የሰማ ሰው ተደንቆ ቤቱ ይገባል። ስለ በሽታ የሰማ ሰው ግን ቤቱ ሲገባ የሚወስነው ነገር ይጠብቀዋል፤ መድኃኒቱን ይጀምር ወይስ ይተው፣ ልጁን ያስከትብ ወይስ ይቆይ፣ ከታመመው ጎረቤቱ ጋር አንድ ማዕድ ይቅረብ ወይስ ይራቅ። ስለዚህ የሕክምና መድረክ ሲታቀድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንናገር?» ሳይሆን «የሰማን ሰው ቤቱ ገብቶ ምን ያደርጋል?» መሆን አለበት።

ዝሆኔን እንውሰድ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ የእግር እብጠት በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳጠቃ ይገመታል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። የበሽታው መነሻ ትልም ባክቴሪያም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህን ለማስረዳት ረጅም ዘመን ደክሟል።

ይሁንና በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ለዚህ አንድ መልስ ሰጠ። ኤች ኤል ኤ በሚባሉት የሰውነት መከላከያ ጂኖች አካባቢ የሚታይ ልዩነት ለበሽታው ተጋላጭነትን ይጨምራል።

እንግዲህ ይህን ግኝት ሕዝብ ፊት የሚያቀርብ ተናጋሪ «በሽታው በዘር ይወረሳል» ብሎ ቢቀመጥ ምን ይከተላል? የዝሆኔ ሕሙማን ቤተሰብ ቀድሞውንም በጋብቻ የሚገለል ነው። ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ የጂን ጥናት ስለ መካሄዱ የነዋሪውን አስተያየት ሲጠይቁ፣ በሽታው በቤተሰብ እንደሚታይ በይፋ መወራቱ መገለሉን ያብሰዋል የሚል ስጋት ሰምተዋል። ሐሰት ሳይናገሩም ሰውን መጉዳት ይቻላል ማለት ነው። መፍትሔው እውነቱን መደበቅ አይደለም፤ ሙሉ አድርጎ፣ ቅደም ተከተሉንም ጠብቆ መናገር ነው። ዘር ብቻውን አያሳምምም፤ ያለ አፈሩ በሽታው የለም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማና እግሩን በሳሙና ከታጠበ ሊጠበቅ ይችላል። የታመመውም እግሩን ዘወትር በማጠብ፣ በቅባት በማለስለስ፣ በፋሻ በመጠቅለልና በጫማ በመሸፈን እብጠቱን ሊቀንስ ይችላል። ይህን የሰማ አባት ቤቱ ገብቶ ለልጁ ጫማ ይገዛል፤ «በዘር ይወረሳል» የሚለውን ብቻ የሰማ ግን የጎረቤቱን ልጅ ለልጁ ለማጨት ያመነታል።

የዝግጅቱ ዕቅድ ከዚህ ይነሣል። ርዕስ ከመመረጡ በፊት ጥያቄ ይሰበሰባል፤ በጤና ኬላ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት። «የፖዶኮኒዮሲስ ጄኔቲክስ» ብሎ ከመጥራት ሰዎቹ ራሳቸው «ዝሆኔ ይጋባል ወይ?» ብለው የጠየቁትን ርዕስ ማድረግ ይሻላል። ተናጋሪው በጉዳዩ ላይ የሚሠራ ሰው ይሁን፤ ያልታወቀውን «ገና አልታወቀም» ለማለት የማያፍር። ንግግሩንም ከሙያው ውጭ ላለ ሰው አስቀድሞ ያሰማ፤ ያ ሰው መልሶ ሊነግረው ያልቻለው ክፍል እንደገና ይሠራ።

ሕመሙን የኖረበት ሰው ከተናጋሪው ጎን ቢቀመጥ መድረኩ ይከብራል። የሚመጣው ግን ለመታየት ሳይሆን ለመናገር ነው፤ ምን እንደሚናገር ራሱ ይወስናል፤ ያለ ፈቃዱም ፎቶግራፍ አይነሣም። በአደባባይ ለመጠየቅ የሚያፍር ስለሚኖር ጥያቄ በጽሑፍ የሚያስገባበት ሣጥን ይዘጋጅ። አወያዩ ሁለት አደራ አለበት፤ አንድ ሰው ሰዓቱን እንዳይወስደው መጠበቅና «እኔ እንዲህ ያመኛል» የሚለውን ሁሉ በአደባባይ ከመመርመር ማዳን። ለዚህም በስተመጨረሻ ለብቻ የምታነጋግር ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትኑር። ሕክምናው በአካባቢው የት እንደሚገኝም አስቀድሞ ይጣራ፤ የማይገኝ መድኃኒት አወድሶ መሄድ ሕመምተኛውን ማሳዘን ነው። መድኃኒት ሻጭ ወጪውን ከሸፈነም በግልጽ ይነገር። ቀኑ ከገበያና ከበዓል ጋር እንዳይጋጭ፣ ቦታውም እግሩ ለታመመ ሰው ደረጃ የሌለበት እንዲሆን ይታሰብ።

እኛ ዘንድ የዚህ መድረክ መሠረት ተጥሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ የጤና ትምህርት በቡና ላይ መስጠትም የተለመደ ነው። የጎደለው ተመራማሪው እዚያ መቀመጡ ነው። የቡናው ሥርዓት ሰዓቱን ራሱ ያከፋፍላል፤ ቡናው ሲቆላ ሰው ይሰበሰባል፣ በአቦል ተናጋሪው ይናገራል፣ በቶናና በበረካ ሕዝቡ ይጠይቃል። መልስ ያጡት ጥያቄዎች ይጻፉና በሚቀጥለው ጊዜ መልሳቸው ይምጣ። ሕዝብ የሚያምነው ተመልሶ የመጣን ሰው ነው።

የሕክምና ጥናት ደሙን የሰጠው፣ ለጠያቂ በሩን የከፈተው ሕዝብ ውጤት ነው፤ ግኝቱን የመስማትና የመጠየቅ መብትም የእርሱ ነው። ተመራማሪ የሆናችሁ ከሚቀጥለው ጥናታችሁ በጀት ላይ ለአንድ የቡና ውይይት የሚሆን ቆርሳችሁ አስቀምጡ። የዕድር ዳኞችና የማኅበር ሰብሳቢዎችም ሐኪሙን ጋብዙት፤ እስኪመጣ አትጠብቁ።