ሃይማኖትን በቀን የዳኘ ውል

የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መልእክተኛ ፋቢዮ ኪጂ ወደ ጀርመኗ ሙንስተር የተላኩት በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የሚፋለሙትን ኃይሎች ለማስታረቅ ነበር። መናፍቃን ካሏቸው ፕሮቴስታንቶች ጋር ግን ፊት ለፊት አልነጋገርም አሉ። ፈረንሳይና ካቶሊኮቹ በሙንስተር፣ ስዊድንና የጀርመን ፕሮቴስታንቶች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኦስናብሩክ ተቀምጠው፣ በመሀል መልእክተኛ በፈረስ እየተመላለሰ ዓመታት አለፉ። ተኩሱም አልቆመም። በጁላይ 1648 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስዊድን ጦር የፕራግን ቤተ መንግሥት ያዘ። ከ30 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ የካቶሊኩ ንጉሥ ሹማምንት በመስኮት የተወረወሩትና የጦርነቱ እሳት የተለኮሰው እዚያው ነበር።

የጠቡ ሥር ግን ከዚያም ይርቃል። የ1555ቱ የአውግስበርግ ስምምነት እያንዳንዱ መስፍን ለግዛቱ ካቶሊክነትን ወይም ሉተራንነትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ያልተስማማው ተገዢ ንብረቱን ሸጦ ይሰደድ አለ። ለካልቪን ተከታዮች ቦታ አልነበረውም። በ1629 ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ 2ኛ ፕሮቴስታንቶች ከ1552 ወዲህ የያዙት የቤተ ክርስቲያን ርስት ሁሉ ይመለስ ብለው አዋጅ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፕሮቴስታንቶቹ ከተማ ማግደቡርግ ስትቃጠል 20,000 ያህል ሰው አለቀ።

ተደራዳሪዎቹ ይህን ሁሉ ደም እንዴት አቆሙት? የማን እምነት እውነተኛ እንደሆነ መጠየቁን ትተው፣ በአንድ የተወሰነ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን የያዘው ማን እንደነበር ጠየቁ። ፕሮቴስታንቶቹ 1618ን፣ ካቶሊኮቹ ድል የቀናቸውን የኋለኞቹን ዓመታት ፈለጉ። መካከል ላይ ተገናኙ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1624። በዚያ ዕለት በእጅህ የነበረው የአንተ ነው። ለእኔ በ1648 የተፈረመው የዚህ የሰላም ውል ታላቅ ጥበብ ይህ ነው፤ የሃይማኖት ክርክር ዳኛ የለውም፣ የይዞታ ክርክር ግን ምስክርና መዝገብ አለው።

ሌላውም ከዚሁ ይመነጫል። በንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤት የሃይማኖት ጉዳይ ሲነሣ አብላጫ ድምፅ እንዳይሠራ፣ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ መክረው በስምምነት እንዲጨርሱ ተደነገገ። የአውግስበርግ ከተማ ሹመቱን ለሁለቱ ወገኖች እኩል አካፈለች። ኦስናብሩክ አንዴ ካቶሊክ፣ አንዴ ሉተራን ጳጳስ እያፈራረቀች ከ150 ዓመት በላይ ኖረች። ካልቪናውያንም ሕጋዊ ሆኑ። በጦርነቱ የተሠራው በደል ሁሉ እንዲረሳ ምሕረት ተጻፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ውሉን ቢያወግዙትም፣ ተዋዋዮቹ ማንም ቢቃወም እንደማይፈርስ አስቀድመው ጽፈው ነበር።

በዚህ ሰላም ጥላ ሥር፣ ውሉ በተፈረመ ገና በአራተኛው ዓመት፣ በ1652፣ የአገራችን ሰው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊኮች መዲና ከሮም ተነሥተው የሉተራኑ የጎታ መስፍን የኧርንስት እንግዳ ሆኑ። ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ግእዝና አማርኛ ለመወያየት የተቀመጡት በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ነው።

ውሉ የረሳቸውም አሉ። የጊዜው ንጉሠ ነገሥት በራሳቸው የአባት ርስት በአብዛኛው የሃይማኖት ነጻነትን አልፈቀዱም፤ ጦርነቱ የተጀመረባት ቦሄሚያም ለፕሮቴስታንት ልጆቿ ተዘጋች። ከዚያ የተሰደዱት ሊቅ ኮሜኒየስ ለስዊድን ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ውሉ ሲፈረም ለስዊድኑ ጠቅላይ ባለ ሥልጣን ለኦክሴንሼርና፣ ሕዝባችንን ተዋችሁት የሚል መራራ ወቀሳ ጻፉ። በ1628 የለቀቋትን አገራቸውን ዳግም አላዩም፤ በ1670 አምስተርዳም ላይ አረፉ።