አጥንታችንን የሚጠግነውን ሐኪም ማን ይጠብቀው?

ራጅ ሲነሱ አስተውለው ያውቃሉ? ባለሙያው «አይንቀሳቀሱ» ይልዎትና ከግድግዳው ጀርባ ይሄዳል። እርስዎ በዓመት አንዴ ቢነሱ ነው፤ እሱ ግን በቀን ብዙ ሰው ያነሳል። ስለዚህ ራሱን ይከልላል፣ ትክክልም ነው። አሁን ደግሞ ወደ አጥንት ኦፕሬሽን ክፍል እንግባ። እዚያም ራጅ ይነሳል፤ ሐኪሙ ግን እጁ ቁስሉ ላይ ነውና ወደ ግድግዳው ጀርባ መሄድ አይችልም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገኝ አምና የአጎቴ የጭን አጥንት መሰበሩ ነው።

አጎቴ የሚኖረው ዶሎ ኦዶ ነው። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑበት፣ ኬንያና ሶማሊያ አጠገብ ያለ ሞቃታማ ከተማ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ከሶማሊያ የተሰደዱ ወገኖች በቦቆልማንዮ፣ በመልካዲዳ፣ በቆቤ፣ በሂለወይንና በቡራሚኖ መጠለያዎች የሚኖሩትም በዚሁ አካባቢ ነው። አጎቴ ከኤፍኤስአር ላይ ዕቃ ሲያወርድ ወደቀ። ጎረቤት «ወጌሻ ይጠራ» አለ፤ ልጆቹ እንቢ ብለው በነገሌ ቦረና በኩል አዲስ አበባ አመጡት። ያን ሁሉ መንገድ በተሰበረ እግር መምጣት ምን እንደሚመስል እርስዎ ይገምቱት።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ። ሐኪሙ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል፤ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ፣ እነሱ «ሌድ ኤፕረን» የሚሉትን፣ ገና አላወለቀም። አንገቱ ግን ባዶ ነበር። የአንገት መከላከያ የለም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ያለው አንድ እንደሆነና በሌላኛው ክፍል ያለው ባልደረባው እንደወሰደው እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ጨረራው ከየት ይመጣል?

የአጥንት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ማሽን «ሲ-አርም» ይባላል። ቅርጹ እንደ ግማሽ ቀለበት ነው፤ በአንዱ ጫፍ ጨረራ ይለቃል፣ በሌላው ጫፍ ምስሉን ይቀበላል። ሐኪሙ ብረቱ በአጥንቱ ውስጥ በትክክል መግባቱን በስክሪን የሚያየው በዚህ ነው። ወደ ሐኪሙ የሚደርሰው አብዛኛው ጨረራ ግን በቀጥታ ከማሽኑ የሚመጣ አይደለም፤ የሕመምተኛውን አካል መትቶ የሚበተነው ነው። ውኃ ድንጋይ ላይ ሲወርድ አጠገብ የቆመውን እንደሚረጨው ማለት ነው።

አንዴ ቢረጭ ምንም አይደለም። ችግሩ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ መረጨቱ ነው። ጨረራ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ ዕዳው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፦ የዓይን ሞራ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ካንሰር። በአሜሪካ በሴት የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ላይ የተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች የጡት ካንሰር በእነሱ ዘንድ ከሌሎች ሴቶች በልጦ መገኘቱን አሳይተዋል። የተለመደው ሽርጥ በብብት በኩል ክፍት መሆኑም ባለሙያዎችን ያሳስባል።

የዚህ ዕዳ ታሪክ ረጅም ነው። ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በራጅ ሥራ እጆቹን አጥቶ በ1904 ሞተ። በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ደግሞ በዚህ ሙያ ሕይወታቸውን ላጡ ሐኪሞችና ባለሙያዎች በ1936 ሐውልት ቆሞላቸዋል።

መፍትሔው ሦስት ቃል ነው

ጊዜ፣ ርቀት፣ ከለላ።

ጊዜ ማለት ፔዳሉን ያለ አስፈላጊነት አለመርገጥ ነው፤ የመጨረሻውን ምስል ስክሪኑ ላይ አቁሞ እሱን እያዩ መሥራት ይቻላል። ርቀት ደግሞ በነፃ የሚገኝ መከላከያ ነው፦ ከምንጩ ያለዎት ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርስብዎት ጨረራ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጨረራ ምንጩ ከአልጋው በታች፣ ምስል ተቀባዩ ከላይ ለሕመምተኛው ቀርቦ ሲሆን ደግሞ ወደ ሐኪሙ ፊት የሚረጨው ይቀንሳል።

ከለላ የሚባሉት ሽርጡ፣ የአንገት መከላከያውና የእርሳስ መነጽሩ ናቸው። የግማሽ ሚሊሜትር እርሳስ አቅም ያለው ሽርጥ ከሚበተነው ጨረራ ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። ግን እንደ ነጠላ አይታጠፍም፤ ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። መሰቀልና በየጊዜው በራጅ መመርመር አለበት።

ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ለባለሙያዎች የዓይን ሌንስ የሚፈቀደውን መጠን በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት አውርዶታል። ሐኪሙ ከዚህ በታች መሆኑን የሚያውቀው መለኪያ ባጅ ካደረገና ውጤቱ በየጊዜው ከተነገረው ብቻ ነው።

ማሽኑን ሳይጠቀሙ መሥራትም ይቻላል። «ሳይን» የተባለውና አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረቱት ድርጅት የሚያቀርበው ብረት፣ ከውጭ በሚገጠም መምሪያ ክንድ የብሎኑን ቀዳዳ ያለ ራጅ ለማግኘት ያስችላል። የተሠራው ሲ-አርም ለሌላቸው ሆስፒታሎች ታስቦ ነው፤ በጥቁር አንበሳና በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አገልግሏል። ሐኪሙን ከጨረራ ማዳኑ ምርቃት ነው።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ፣ ይህን አንብበው ራጅ እንዳይፈሩ። ለሕመምተኛ የሚሰጠው መጠን አነስተኛ ነው፣ ጥቅሙም ይበልጣል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ ብቻ አስቀድመው ይናገሩ።

ሁለተኛ፣ በማርኬቲንግ ሙያዬ ያየሁትን ልንገርዎ። ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ለሽርጥና ለአንገት መከላከያ ሪባን የሚቆርጥ የለም፤ ዋጋቸው ግን ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም። በሆስፒታል ቦርድ ውስጥ ካሉ፣ ውጭ አገር ሆነው ዕቃ ከሚለግሱ ዘመዶችዎ ጋር ከተነጋገሩ፣ ወይም ድርጅትዎ ለኅብረተሰቡ የሚመድበው በጀት ካለ፣ «ለስንት ሰው የሚሆን ከለላ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ ሕክምና የሚማር ከሆነም ጥያቄውን ለልጅዎ ያቅርቡለት።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከዶሎ ብዙም ሳይርቅ፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድን ደብድበው ሕሙማንንና አካሚን ገድለዋል። ያ አደጋ ይሰማ ነበር፣ ዓለምም ጮኸበት። የዛሬው ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለውን አደጋ ደግሞ የሚያስቆመው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

አጎቴ አሁን ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። በስልክ ባገኘኝ ቁጥር ሐኪሙን «እጁ ይባረክ» ይላል። አሜን እላለሁ፤ እኔ ደግሞ ዓይኑንና አንገቱንም ይጠብቅልን ብዬ እጨምራለሁ።