የቅንድብ ሚዛን፦ ስለ ቅንድብ ማንሻ ቀዶ ጥገና ፊዚክስ ምን ይላል?

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ኃይሎች ሚዛን የሰጠነው ትምህርት እንዳበቃ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮአችን መጥቶ ያልጠበቅነውን ጥያቄ አቀረበልን። እናቱ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትን የተሻገረ ሴት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዐይናቸው የላይኛው ክፍል ከብዷቸው፣ መርፌ ላይ ክር ለመሰካት አገጫቸውን ቀና ማድረግ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ሲመሽም ግንባራቸውን ያማቸዋል። ሁለት ክሊኒኮች ሄደው ሁለት የተለያዩ መልሶች አገኙ። አንደኛው «የዐይን ቆብዎ ቆዳ ተርፏል፤ እሱን እንቁረጠው» ሲላቸው ሁለተኛው «ችግሩ ከቅንድብዎ ነው፤ ቅንድብዎ መነሣት አለበት» አላቸው። በውጭ አገር የምትኖር ዘመዳቸው ደግሞ «ያለ ቢላ፣ በክር ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ላከችላቸው። ተማሪው «መምህር፣ ቅንድብን ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት አይደል? ታዲያ ወደ ላይ የሚስብ ማንኛውም ነገር አይበቃም ወይ?» ሲል ጠየቀን።

እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በእርግጥ የኃይሎች ጥያቄ ነው። መልሱን ፍለጋ የሕክምና መጻሕፍትን ስናገላብጥ ከጠበቅነው በላይ ሜካኒክስ፣ ጥቂት ኦፕቲክስ፣ እንዲያውም የቁጥጥር ሥርዓት ጭምር አገኘንባቸው። በዚህ ጽሑፍ ያገኘነውን ለአንባቢያን ለማካፈል እንሞክራለን።

አንድ ወደ ላይ፣ ብዙ ወደ ታች

ቅንድብ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ የቀረ አካል አይደለም። አንባቢ ጣቱን ቅንድቡ ላይ አሳርፎ ቢገፋው ከራስ ቅሉ ላይ ሲንሸራተት ይሰማዋል። ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፍሮንታሊስ የተባለው የግንባር ጡንቻ ነው። ወደ ታች የሚስቡት ግን በርካታ ናቸው። ኮሩጌተር የተባለው ጡንቻ ቅንድቦቻችንን ወደ መካከልና ወደ ታች እየሳበ ስንቆጣ የሚታየውን ቁም መስመር ያወጣል። ፕሮሴረስ ከአፍንጫ ሥር ሆኖ የቅንድብን ውስጠኛ ጫፍ ይጎትታል። ዐይንን እንደ ቀለበት የከበበው ኦርቢኩላሪስ ደግሞ ውጫዊውን ጫፍ ወደ ታች ይስባል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የፍሮንታሊስ ጭረቶች ወደ ጆሮ ግንድ አቅጣጫ ሳይዘልቁ ያበቃሉ፤ ስለሆነም የቅንድብ የውጭኛው አንድ ሦስተኛ ከበላዩ የሚያነሣው በቂ ጡንቻ የለውም። በዕድሜ ምክንያት ቅንድብ ሲወርድ በአብዛኛው ከጫፉ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ስበትስ? ለግምት ያህል የአንድ ቅንድብና በዙሪያው ያለው ለስላሳ አካል መጠነ ቁስ 10 ግራም ነው ብንል፣ የሚያርፍበት የስበት ኃይል 0.1 ኒውተን ያህል ነው። ይህ ትንሽ ኃይል ነው፤ ጡንቻዎቹ ሲኮማተሩ ከሚፈጥሩት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ጡንቻ ያርፋል፣ ስበት አያርፍም። ቆዳም እንደ ብረት ሞላ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት በትክክል የሚመለስ ቁስ አይደለም። የመለጠጥና የዝልግልግነት ባሕርይ በአንድነት አለው፤ አነስተኛ ኃይል እንኳ ለረጅም ጊዜ ካረፈበት ቀስ በቀስ ይረዝማል። በዕድሜና በፀሐይ ብርሃን ምክንያት ኮላጅንና ኢላስቲን የተባሉት ጭረቶች ሲሳሱ ደግሞ ይህ መርዘም ይፋጠናል።

ተቃራኒው ክስተትም አለ። አዲስ ክር የተገጠመለት ክራር ቃኝተን ብናስቀምጠው በማግሥቱ ድምፁ ወርዶ እናገኘዋለን፤ የክሩ ርዝመት አልተለወጠም፣ ውጥረቱ ግን ረግቧል። በኃይል ተስቦ የተሰፋ ቆዳም እንዲሁ ይሆናል። «ቆዳውን ጥብቅ አድርጎ መሳብ» ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ የማይሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ርቀትና ጠባሳ

ቅንድብን በቀዶ ጥገና የማንሣት ሐሳብ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬሞን ፓሶ እ.ኤ.አ. በ1919 ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን በማውጣት ቅንድብ የሚነሣበትን ዘዴ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ዘዴዎች አንባቢ በቀላሉ እንዲረዳቸው በተከታታይ የተያያዙ ሞላዎችን ያስብ። በረጅም ሞላ አንዱን ጫፍ ብንስብ ሌላው ጫፍ ላይ የሚደርሰው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፤ መካከሉ ተለጥጦ ይውጠዋል። መሳቢያው ወደ ቅንድቡ በቀረበ መጠን ግን የሚባክነው ይቀንሳል።

ቀጥተኛ የሚባለው ዘዴ ከቅንድቡ ፀጉር በላይ ያለውን ቆዳ ቆርጦ ይሰፋል። የተቆረጠው ያህል ቅንድቡ ይነሣል ማለት ይቻላል፤ ልኬቱ አስተማማኝ ነው። ዋጋው ከቅንድብ በላይ የሚቀረው ጠባሳ ነው። በሌላው ዳርቻ የሚገኘው ኮሮናል የተባለው ዘዴ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከፀጉር ውስጥ ይቆርጣል። ጠባሳው በፀጉር ይሸፈናል፤ ነገር ግን ቅንድብን 1 ሚሊሜትር ለማንሣት ከራስ ቆዳ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ማውጣት ያስፈልጋል። በተጨማሪም የፀጉር መነሻ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ አናት የሚሄዱ የስሜት ነርቮች ስለሚቆረጡ የራስ ቆዳ ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይደነዝዛል። ግንባሩ ሰፊ ለሆነ ሰው በፀጉሩ መነሻ ላይ መቁረጥ ይመረጣል። የጫፉ መውረድ ብቻ ለሚያስቸግረው ደግሞ ከጆሮ ግንድ በላይ፣ ከፀጉር ውስጥ በሚደረግ አጭር ቁርጥ ያንኑ ማንሣት ይበቃዋል።

ጠባሳን በተመለከተ ለእኛ አገር አንባቢ የምንጨምረው አለ። ከልክ በላይ የሚያድገው ኬሎይድ የተባለው ጠባሳ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ በቀድሞ ቁስል ላይ ወይም ጆሮ በተበሳ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የወጣበት ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

በመስታወት ዘንግ ማየት

ከሁሉም ዘዴዎች ለእኛ እጅግ የሚማርከው በኢንዶስኮፕ የሚደረገው ነው፤ ይህን የምንለው በሙያችን አድልተን እንደሆነ አንክድም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተስፋፋው በዚህ ዘዴ፣ ሐኪሙ ከፀጉር መነሻ ኋላ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ቁርጦችን ያደርጋል። ከዚያም ቀጭን መነጽር አስገብቶ የውስጡን ክፍል በቴሌቪዥን መስኮት እያየ ይሠራል።

ብርሃኑ የሚገባው በመስታወት ክሮች ነው። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሊወጣ ሲል ከቋሚው መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ42 ዲግሪ ገደማ ከበለጠ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። በክሩ ውስጥም በመስታወቱ ዙሪያ የተለበጠው ሌላ መስታወት የአየሩን ሚና ይጫወታል። ምስሉን የሚያመጣው ግን ሌላ ብልሃት ነው። የቀድሞዎቹ መነጽሮች በረጅም የአየር ክፍተት የተራራቁ ትንንሽ ሌንሶች ስለነበሯቸው ምስላቸው ጨለማ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነገሩን ገለበጠው፤ አየር የነበረበትን ቦታ በመስታወት ዘንጎች ሞላው፣ በመካከላቸው የቀሩትን ቀጫጭን የአየር ክፍተቶች ደግሞ እንደ ሌንስ ተጠቀመባቸው። በዚህ የሚያልፈው ብርሃን እጅግ ጨመረ፤ ቱቦውም መቅጠን ቻለ።

እዚህ ላይ ተማሪው «ቆዳ ካልተቆረጠ ቅንድቡ በምን ይነሣል?» ብሎ ነበር። መልሱ የጽሑፋችን እምብርት ነው። ሐኪሙ የግንባርን ሥጋ ከአጥንቱ ልባስ ጋር አላቆ፣ ከዐይን ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ያሰሩትን ማሰሪያዎች ይፈታል፤ ወደ ታች የሚስቡትን ጡንቻዎችም ያደክማል። የተፈታውን ክፍል ወደ ላይ አንሸራትቶ በስፌት፣ በብሎን ወይም ቀስ በቀስ በሚሟሟ ማያያዣ ከራስ ቅል ጋር ያስረዋል። ማያያዣው ለጊዜው ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የአጥንቱ ልባስ በአዲሱ ቦታው ተጣብቆ ይድናል። ድንኳን የሚያዛውር ሰው በቅድሚያ ካስማውን እንደሚነቅል ማለት ነው።

ማስታወቂያው የሚያሞግሰው የክር ዘዴ የሚጎድለው ይኸው መፍታት ነው። እሾህ መሰል ጥርሶች ያሉት ክር ከቆዳ በታች ገብቶ ቅንድቡን ይስበዋል፤ የታችኞቹ ማሰሪያዎች ግን እንደ ታሰሩ ናቸው። ቀጭን ክር ሳሙናን እንደሚቆርጥ፣ በጠባብ ስፋት ላይ ያረፈው ግፊት ለስላሳውን አካል እየሰነጠቀ ይሄዳል። ውጤቱም በአመዛኙ አጭር ጊዜ ነው የሚቆየው። «ያለ ቢላ» መባሉ እውነት ነው፤ «እንደ ቀዶ ጥገናው» መባሉን ግን አንቀበለውም።

ሌላው ያለ ቢላ የሚደረገው ቦቱሊነም ቶክሲን ነው። ካናዳውያኑ ባልና ሚስት ሐኪሞች ዣን እና አላስተር ካራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ መዋቢያነቱ ጽፈው፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2002 በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር ፈቀደው። ንጥረ ነገሩ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን መልእክት ይገታል። ወደ ታች የሚስቡት ሲዝሉ ፍሮንታሊስ ያሸንፋል፤ ቅንድቡም በጥቂት ሚሊሜትር ይነሣል። ከሦስት እስከ አራት ወር በኋላ ሚዛኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያለ ቦታው፣ ማለትም በራሱ በፍሮንታሊስ ላይ በብዛት ከተወጋ ግን ቅንድቡ ይወርዳል።

ነርቭ ሲጎዳ

ፍሮንታሊስን የሚያዝዘው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ከጆሮ ፊት ተነሥቶ ከቅንድብ ጫፍ በላይ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ወደሚገኝ ነጥብ ያቀናል። ብራዚላዊው ሐኪም ኢቮ ፒታንጊ በ1960ዎቹ ያመለከተው ይህ መስመር የቅንድብ ቀዶ ጥገና ዋነኛ የአደጋ ቀጠና ነው። ነርቩ ከተቆረጠ ሊነሣ የታሰበው ቅንድብ ይብሱን ይወርዳል፤ ባለቤቱም ሊያንቀሳቅሰው አይችልም።

እንዲህ ያለው ሽባነት ከቀዶ ጥገና ውጭም ይከሰታል። የሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል በአገራችን የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ዐይናቸውን መክደን የተሳናቸውን ሕሙማን ሲያክም የኖረ ተቋም ነው። ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ በሞተበት ፊት ላይ የታችኞቹን ማድከም ብዙ አይረዳም፤ ቅንድቡን በቀጥታ ቆርጦ ከፍ አድርጎ ማሰር ይመረጣል። እዚህ ላይ «የውበት ቀዶ ጥገና» የሚለው ስም ጠባብ ይሆናል፤ ጉዳዩ የማየት ጉዳይ ነውና። ሆኖም ቅንድብ ሲነሣ ዐይን መክደን ይበልጥ ሊያስቸግር ስለሚችል የሚነሣበት መጠን በጥንቃቄ ይወሰናል።

አእምሮ የያዘው ገመድ

አሁን ወደ ተማሪው እናት እንመለስ። ግንባራቸውን ሲመሽ የሚያማቸው ለምንድን ነው? የዐይን ቆብ ወርዶ እይታን ሲጋርድ አእምሮ ይህን ይገነዘብና ፍሮንታሊስን ያዝዛል፤ ቅንድብ ይነሣል፣ ቆቡም አብሮ ከፍ ይላል። ይህ የመልስ ምት ያለው የቁጥጥር ሥርዓት ነው፤ የውኃ ማሞቂያ ሙቀቱ ሲወርድ ራሱን እንደሚያበራው ዓይነት። ሴትየዋ ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ በግንባራቸው ጡንቻ ሸክም ይሸከማሉ።

የተረፈው የቆብ ቆዳ ብቻውን ቢቆረጥ ምን ይሆናል? እይታው ይከፈታል፤ አእምሮ ትእዛዙን ያቆማል፤ ፍሮንታሊስ ይዝናናል። ያን ጊዜ እስከዚያ ተደግፎ የኖረው ቅንድብ ወደ እውነተኛ ማረፊያው ሊወርድ ይችላል። ታካሚውም ተቆርጦ የወጣው ቆዳ ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። በአንጻሩ ጉድለቱ ቆቡን በሚያነሣው ጡንቻ ላይ ከሆነ፣ ቅንድብን ማንሣት በሽታውን ሳይነኩ ምልክቱን ማሳደድ ይሆናል። ሁለቱ ክሊኒኮች የተለያየ መልስ የሰጡት ምናልባት ሴትየዋ ቅንድባቸውን ሽቅብ ይዘው ሳለ ስለ ተመለከቷቸው ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። ጠንቃቃ መርማሪ ዐይን አስከድኖ፣ ግንባሩ እስኪዝናና ጠብቆ፣ በጣቱ ደግፎ ይዞ፣ ከዚያ ቀስ ብለው እንዲገልጡ ያደርጋል። ቅንድቡ የሚለካው ያን ጊዜ ነው። የወጣትነት ፎቶግራፍም ይጠይቃል።

ተማሪው በሳምንቱ እናቱ በ22 ዓመታቸው የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይዞልን መጣ። ቅንድባቸው ያኔም ከዐይን ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ዝቅ ብሎ ያረፈ፣ ቀጥ ያለ ነበር፤ የተለወጠው በቅንድቡና በሽፋሽፍቱ መካከል ያለው ቆዳ ነው። አሁን በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ቅንድባቸው ከያኔው ይበልጥ ከፍ ብሎ፣ ግንባራቸው በአግድም መስመሮች ተሞልቶ ይታያል። ሁለቱን ፎቶግራፎች በአንድ ፖስታ አኖረና በጀርባው ላይ ለዐይን ሐኪሙ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ጻፈበት፦ «ግንባራቸው ሲዝናና ቅንድባቸው የት ያርፋል?»