ከአፍ ላይ የሚነጥቅ ጎረቤት

መዥገር ከላም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ደሟን እየመጠጠ ይኖራል። ንብ ደግሞ አበባ ስትቀስም አበባው ፍሬ እንዲይዝ ትረዳዋለች። ሁለቱም አብሮ መኖር ነው። ግን በአንዱ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል፤ በሌላው አንዱ ሲጠቀም ሌላው ይጎዳል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ጥገኝነት በጥንት ዘመንም ነበር?

መልሱ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው። የባሕር እንስሳ ሲሞት ዛጎሉ በጭቃ ይቀበራል። ጭቃው ከብዙ ዘመን በኋላ ድንጋይ ይሆናል። የዛጎሉ ቅርጽ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ቅሪተ አካል ይባላል። በአገራችንም በዓባይ ሸለቆና በትግራይ በሕንጣሎ አካባቢ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል ይገኛል። ቦታው በጥንት ዘመን ባሕር ነበርና ነው።

በቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር፣ 512 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ድንጋይ ውስጥ ብራኪዮፖድ የሚባል እንስሳ በብዛት ተገኘ። ብራኪዮፖድ እንደ ክዳን የሚገጥሙ ሁለት ዛጎሎች አሉት። ዛጎሉን ገርበብ አድርጎ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ከውሃው ውስጥ ደቃቁን ምግብ እንደ ወንፊት አጣርቶ ይበላል። በብዙዎቹ ዛጎሎች ላይ ትል መሰል እንስሳ የኖረባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣብቀው ታዩ።

ታዲያ ባለ ቱቦው ወዳጅ ነበር ወይስ ጠላት? ሁለቱም ሞተዋል፤ ማን ይመስክር? ተመራማሪዎቹ ሦስት ነገር አስተዋሉ።

አንደኛ፣ ቱቦዎቹ የተገኙት በብራኪዮፖድ ላይ ብቻ ነው። በዚያው ድንጋይ ውስጥ ባሉት በሌሎቹ እንስሳት ላይ የሉም።

ሁለተኛ፣ የቱቦዎቹ አፍ የዞረው ምግብ ወደሚገባበት ወደ ዛጎሉ ጠርዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ቱቦ ያለባቸው ብራኪዮፖዶች ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ሰውነታቸው ያነሰ ነው።

እንግዲህ ባለ ቱቦው ደም አይመጥም፤ ሌላው ደክሞ የሳበውን ምግብ ግን ከአፉ ላይ ይነጥቃል። ይህ ውጤት በ2012 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ስለ ጥገኛ እንስሳት ከተገኙት ማስረጃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው።

ልብ በሉ፤ መጣበቁ ብቻ ጥገኛ አያሰኝም። ሌባውን ያጋለጠው የባለቤቱ መክሳት ነው። ይህም የታወቀው በመገመት ሳይሆን በመለካትና በማወዳደር ነው።

ጥያቄ
1. ባለ ቱቦው እንስሳ ከመዥገር በምን ይለያል?
2. ቱቦ የሌለባቸው ዛጎሎች ባይገኙ ኖሮ ጉዳቱ ሊታወቅ ይችል ነበር?